ጋላክሲ ቦግ ሲል አንድ ዓይን ለምን አይበቃም?

«ግዙፍ ብላክ ሆል ጨረሩን ወደ ምድር አነጣጠረ» የሚል ዓይነት ርዕስ በየጥቂት ወሩ በቴሌግራምና በፌስቡክ ብቅ ይላል። ከሥሩ የሚጻፈው አስተያየት በአብዛኛው ከሁለት አይወጣም። አንዱ ወገን የዓለም ፍጻሜ መቃረቡን ያነባል። ሌላው «ደግሞ ይሄን ማን አይቶ?» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። በእርግጥ ማን አየው? በምን አየው? አንድ መሣሪያ ብቻ አይቶት ቢሆን ምን ያህል እናምነው ነበር?

ከእንዲህ ያለ ዜና ጀርባ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ክስተት አለ። በጣም ሩቅ ያለ ጋላክሲ በድንገት ይደምቃል። ድምቀቱ ለሰዓታት፣ ለቀናት ወይም ለወራት ይቆይና ይበርዳል። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ይህን ፍሌር ይሉታል። በአማርኛ ቦግ ማለት ብንለው ይቀርበዋል። ከሰል ላይ ማራገቢያ ሲያርፍ ፍሙ ቦግ ይላል፣ ማራገቢያው ሲነሳ ይመለሳል። ምድጃው ግን አልፈነዳም። ጋላክሲውም አይፈነዳም።

ከባዱ ነገር ያን ፍም ያራገበው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ቴሌስኮፕ፣ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን፣ አይበቃም።

ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል

ማታ ለገሃር ቆማችሁ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት ተመልከቱ። ፊቱን ወደ እናንተ አድርጎ የሚወርደው መኪና መብራቱ ዓይን ያጥበረብራል። ታርጋው ይቅርና፣ የቤት መኪና ይሁን ሚኒባስ ለመለየት ያስቸግራል። ያው መኪና መሐል ላይ ወደ ጎን ሲታጠፍ መብራቱ ተራ መብራት ይሆናል። አምፖሉ አልተቀየረም። ወደ እናንተ ማነጣጠሩን ብቻ ነው የተወው።

ብላዛር የሚባለው የጋላክሲ ዓይነት ነገሩ እንዲሁ ነው። ትልልቅ ጋላክሲዎች ሁሉ ማለት ይቻላል መሐላቸው ላይ ግዙፍ ብላክ ሆል፣ ማለትም ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስወጣ አካል፣ አላቸው። የኛ ጋላክሲ ብላክ ሆል የፀሐይን ክብደት 4 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ያክላል፣ ግን ዝምተኛ ነው። የሚበላው ጋዝ ጥቂት ነውና። አንዳንዶቹ ግን ብዙ ጋዝ ይጎርፍላቸዋል። ጋዙ ወደ ውስጥ እየተሽከረከረ ሲወርድ ይግላል፣ ያበራል። ጋላክሲውም «አክቲቭ» ወይም ንቁ ይባላል። ከንቁዎቹ ጥቂቶቹ ደግሞ ከሚጎርፍላቸው ቁስ ከፊሉን ወደ ብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት በሁለት ቀጭን ጅረቶች ወደ ውጭ ይረጩታል። ይህ ጅረት ጄት ይባላል። ከሁለቱ ጄቶች አንዱ በአጋጣሚ ወደ እኛ ካነጣጠረ ጋላክሲውን ብላዛር እንለዋለን።

ከመኪናው መብራት የሚለየው አንድ ነገር አለ። ቁሱ ራሱ በብርሃን ፍጥነት አካባቢ ስለሚበር ብርሃኑ ወደ ፊት ይጨመቃል። ድምቀቱ በብዙ መቶና ሺህ እጥፍ ይጎላል። ጊዜውም አብሮ ይጨመቃል። እዚያ ብዙ ቀን የፈጀው ለውጥ እኛ ጋ በሰዓታት ውስጥ ያለቀ ይመስላል።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ኩኖ ሆፍማይስተር እ.ኤ.አ. በ1929 ድምቀቱ የሚለዋወጥ አንድ «ኮከብ» አገኘና ቢ ኤል ላሰርቴ የሚል የኮከብ ስም ወጣለት። ኮከብ እንዳልሆነ ጥርጣሬ የመጣው በ1968 ነው። ያ «ኮከብ» ያለበት ቦታ ላይ ኃይለኛ የሬዲዮ ምንጭ ተገኘ። ለ39 ዓመት በአንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ታይቶ የተደበቀው ማንነቱ በሌላ ዓይነት ብርሃን ሲታይ ወጣ። «ብላዛር» የሚለው ቃል በ1978 ሲፈጠር የፊደሉ መነሻ ይኸው ቢ ኤል ነው።

አደጋ አለው ወይ ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የለውም። ማርካሪያን 421 ከቅርቦቹ ብላዛሮች አንዱ ሲሆን ከእኛ ወደ 400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከፍተኛ ጉልበት ካለው ጨረሩ ግዙፍ ቴሌስኮፖች እንኳ የሚለቅሙት በደቂቃ ጥቂት ቅንጣት ነው። ያም ቢሆን መሬት ሳይደርስ ከባቢ አየር ይውጠዋል።

«ትናንት ደመቀ» የሚለው አባባልም ያደናግራል። ብርሃኑ የተነሳው ከመቶ ሚሊዮኖች ወይም ከቢሊዮኖች ዓመታት በፊት ነው። ትናንት የሆነው መድረሱ ነው።

ብርሃን ስንል የትኛውን?

በኤፍ ኤም 102.1 ላይ የሚተላለፈው የሬዲዮ ሞገድ ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ነው። የቴሌቪዥን ሪሞት የሚልከው ኢንፍራሬድ ነው። ሐኪም ቤት የምንነሳው ራጅም አለ። ዓይናችን የሚያየው ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለው ቀለም ደግሞ በመካከል ያለ ጠባብ ስንጥቅ ነው። እነዚህ ሁሉ አንድ ነገር ናቸው፣ ብርሃን። የሚለያያቸው የሞገድ ርዝመትና የሚሸከሙት ጉልበት ነው። ከሁሉም የሚበረታው ጋማ ጨረር ይባላል። ከብላዛር ከሚመጡት የጋማ ቅንጣቶች አንዳንዶቹ፣ እያንዳንዳቸው፣ ከአንድ የሚታይ ብርሃን ቅንጣት ወደ 500 ቢሊዮን እጥፍ የሚሆን ጉልበት ይይዛሉ።

ብላዛር በእነዚህ ሁሉ ያበራል። ከሬዲዮ እስከ ጋማ። በሰማይ ላይ እንዲህ ያለ ምንጭ ጥቂት ነው።

ችግሩ ከባቢ አየራችን የሚያሳልፈው የሚታየውን ብርሃን፣ ሬዲዮንና ጥቂት ሌላ መሆኑ ነው። ራጅንና ጋማን ለማየት ሳተላይት ያስፈልጋል። ፌርሚ የተባለው የጋማ ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2008 መጠቀ። በየ3 ሰዓቱ መላውን ሰማይ ይቃኛል። ፍሌር መጀመሩን ብዙ ጊዜ የሚናገረው እሱ ነው። በ2004 የመጠቀው ስዊፍት ደግሞ ስሙ እንደሚለው ፈጣን ነው። ጥቆማ ሲደርሰው ዞሮ በራጅ፣ በአልትራቫዮሌትና በሚታይ ብርሃን ያያል።

እጅግ ኃይለኛውን ጋማ የሚያዩት ግን የሚገርመው መሬት ላይ ያሉ መሣሪያዎች ናቸው። ጨረሩ አየር ላይ ሲላተም የቅንጣት ናዳ ይለቃል። ናዳው የሰከንድ ጥቂት ቢሊዮንኛ ብቻ የሚቆይ ደብዛዛ ሰማያዊ ብልጭታ ይፈጥራል። ቴሌስኮፑ የሚይዘው ያን ብልጭታ ነው። አየሩ ራሱ የመሣሪያው አካል ሆነ ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ አፍሪካ ውስጥ ነው፣ ናሚቢያ ያለው ሄስ። ሌሎቹ ማጂክ በካናሪ ደሴቶች፣ ቬሪታስ በአሪዞና ናቸው።

ቡናው የት ደረሰ?

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ጎረቤት ከሰዓት በኋላ ቡና ያፈላል እንበል። በሩ ዝግ ነው። መጀመሪያ የሚቆላ ቡና ሽታ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ የሙቀጫ ድምፅ። ከዚያ ዕጣን። ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሳታዩ ቡናው የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ይህን ያወቃችሁት በማሽተት ብቻ አይደለም፣ በመስማትም ብቻ አይደለም። በቅደም ተከተላቸው ነው። የሚቆላው ቡና ሸትቶ ሙቀጫው ካልተሰማ ደግሞ ሌላ ነገር ትገምታላችሁ። ምናልባት የሚፈጩት በማሽን ነው።

የብላዛር አጥኚዎች ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጋማው መቼ ጨመረ? ራጁ አብሮት ጨመረ ወይስ ዘገየ? የሚታየው ብርሃንስ? የሬዲዮ ድምቀት ብዙ ጊዜ ከጋማው ሳምንታትና ወራት ዘግይቶ ይመጣል። ምክንያቱ ይታወቃል። ከጄቱ መነሻ አጠገብ ያለው ቁስ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሬዲዮን አያሳልፍም። የደመቀው ቁስ ወደ ውጭ ተጉዞ ሲሳሳ ነው ሬዲዮው ነጻ የሚወጣው። የመዘግየቱ ርዝመት እንግዲህ ፍሌሩ ከብላክ ሆሉ ምን ያህል ርቆ እንደተነሳ ይጠቁማል። ይህን ርቀት በፎቶግራፍ ማየት በአብዛኞቹ ብላዛሮች ላይ አይቻልም። በሰዓት ግን ይለካል።

የብላዛርን ብርሃን ከሬዲዮ እስከ ጋማ በአንድ ግራፍ ላይ ብንስል ሁለት ጉብታ ይታያል። የመጀመሪያው ጉብታ ከሬዲዮ ተነስቶ እስከ ራጅ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ላይ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። በብርሃን ፍጥነት አካባቢ የሚበሩ ኤሌክትሮኖች በመግነጢሳዊ መስክ ውስጥ ሲጠማዘዙ የሚለቁት ብርሃን ነው፣ ሲንክሮትሮን ይባላል። ክርክሩ ያለው በሁለተኛው ጉብታ፣ በጋማው ላይ ነው። አንዱ ወገን ያንኑ ኤሌክትሮን ይጠራል። ኤሌክትሮኑ ደካማ የብርሃን ቅንጣት ሲያገኝ ይገጨዋል፣ ጉልበቱንም ያሸክመዋል። ሌላው ወገን ፕሮቶኖችም እጃቸው አለበት ይላል። ፕሮቶን ከኤሌክትሮን 1,836 ጊዜ ይከብዳል። ለማፍጠን ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፣ ካፈጠኑት ግን ከጠፈር በሚመጡ ኃይለኛ ቅንጣቶች ላይ ያለው የቆየ እንቆቅልሽ በከፊል ይፈታል።

ሁለቱን ለመለየት ጉብታዎቹ አብረው መንቀሳቀሳቸውን ማየት ያስፈልጋል። የሁለቱም ምንጭ ያው ኤሌክትሮን ከሆነ ሁለቱም አብረው መነሳት አለባቸው። ብዙ ጊዜ ይነሳሉ። አንዳንዴ ግን አይነሱም። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ብላዛር በኃይለኛ ጋማ ቦግ ሲል ራጁ ንቅንቅ አላለም። ይህ ዓይነቱ «ወላጅ አልባ» ፍሌር ይባላል። የሚቆላው ቡና ሸተተ፣ ሙቀጫው ግን አልተሰማም። ጋማውን ብቻ ያየ ሰው ይህን እንግዳ ነገር ልብ ሊለው አይችልም ነበር።

የ200 ሰከንዱ ችግር

ፍጥነት ሌላ ነገር ይናገራል። አንድ ነገር ድምቀቱን በ200 ሰከንድ ውስጥ ከቀየረ፣ ስፋቱ ብርሃን በ200 ሰከንድ ከሚጓዘው ብዙ ሊበልጥ አይችልም። ከበለጠ የአንዱ ጫፍ ብርሃን ከሌላው ጫፍ ዘግይቶ ይደርስና ለውጡ ይደበዝዛል። በሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ናሚቢያ ያለው ሄስ ፒ ኬ ኤስ 2155-304 የተባለውን ብላዛር ሲመለከት ድምቀቱ በ200 ሰከንድ ገደማ ሲለዋወጥ አገኘው። ብርሃን በዚያ ጊዜ 60 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከምድር እስከ ፀሐይ ካለው ርቀት ግማሽ አይሞላም። መሐሉ ላይ አለ የሚባለው ብላክ ሆል ግን፣ የፀሐይን ክብደት ቢሊዮን ጊዜ ካከለ፣ ከእምብርቱ እስከ ጠርዙ ብቻ 3 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው።

የጄቱ ፍጥነት ጊዜን ስለሚጨምቅ ልዩነቱ ይጠባል። ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ ብርሃኑ የወጣው ከመላው ጄት ሳይሆን ውስጡ ካለ ትንሽ ቋጠሮ መሆን አለበት። ያን ቋጠሮ ምን ያቀጣጥለዋል? አንዱ ሐሳብ፣ ፈጣኑ ቁስ ከፊቱ ያለውን ዘገምተኛ ቁስ ሲገጭ የግጭት ማዕበል ይፈጠራል፣ ቅንጣቶቹን የሚያፈጥነውም ያ ነው ይላል። ሌላው የመግነጢሳዊ መስክ ክሮች ተጠማዝዘው ሲበጠሱና እንደገና ሲገጣጠሙ የሚለቁትን ጉልበት ያነሳል።

በ2022 ለመጀመሪያው ሐሳብ ጥሩ ድጋፍ መጣ። አይክስፒ የተባለ ሳተላይት የራጅን ፖላራይዜሽን ይለካል። ፖላራይዜሽን ማለት የብርሃኑ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ ምን ያህል ሥርዓት ያለው ነው ማለት ነው። ማርካሪያን 501 የተባለው ብላዛር ሲለካ ራጁ ወደ 10 በመቶ፣ የሚታየው ብርሃን ወደ 5 በመቶ ሆነ። ራጁን የሚለቁት ትኩስ ኤሌክትሮኖች ናቸው፣ ጉልበታቸው ቶሎ ያልቃል። ከግጭቱ ቦታ ሳይርቁ ያበራሉ። እዚያ መስኩ ሥርዓት አለው። የሚታየውን ብርሃን የሚለቁት ግን ርቀው ከሄዱ በኋላ፣ መስኩ ከተዘበራረቀበት ነው። ይህ ውጤት ለእኔ ከሁሉም የሚያምር ነው። አንዱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሂደቱን ይናገራሉ። ያም ሆኖ ማርካሪያን 501 ያኔ የተረጋጋ ነበር። በደቂቃዎች ውስጥ ቦግ ለሚሉት የመግነጢሳዊ ክሮቹ ሐሳብ ገና አልወደቀም።

መስከረም 12፣ ከምሽቱ 6 ሰዓት ሊሆን ሲል

መስከረም 12 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2017) ነው፣ ለደመራ አራት ቀን ሲቀር። በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ሲሆን በደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ አንድ ብልጭታ ተመዘገበ። መሣሪያው አይስኪዩብ ይባላል። አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በረዶ ነው፣ ውስጡ 5,160 የብርሃን መለኪያዎች ተቀብረዋል። ብልጭታውን ያመጣው ኒውትሪኖ የተባለ ቅንጣት ነው። ኒውትሪኖ ክብደቱ ከምንም የሚቆጠር፣ ቻርጅ የሌለው፣ መሬትን በአንድ ጎኗ ገብቶ በሌላው ሊወጣ የሚችል ቅንጣት ነው። መግነጢሳዊ መስክ አያጣምመውም። ስለዚህ የመጣበትን አቅጣጫ ይጠቁማል።

በ43 ሰከንድ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ለዓለም ቴሌስኮፖች ተላከ። አቅጣጫው ኦሪዮን የተባለው የኮከቦች ስብስብ አካባቢ ነው። በዚያች ቅጽበት ያ የሰማይ ክፍል ከአዲስ አበባ በምሥራቅ አድማስ ላይ ገና ብቅ እያለ ነበር።

በቀጣዮቹ ቀናት የሆነው ነገር የዚህን ጽሑፍ ጉዳይ በሙሉ ይይዛል። ፌርሚ መዝገቡን ሲያይ በዚያ አቅጣጫ ቲ ኤክስ ኤስ 0506+056 የተባለ ብላዛር ከወራት ጀምሮ ደምቆ አገኘው። ማጂክ ተከታትሎ ከዚያው ኃይለኛ ጋማ ያዘ። ሄስ ወዲያው አይቶ ነበር፣ ምንም አላገኘም። ርቀቱ ራሱ ያኔ በትክክል አይታወቅም ነበር። ካናሪ ደሴቶች ላይ ያለው ባለ 10.4 ሜትር ቴሌስኮፕ በሚታይ ብርሃን ለካውና ወደ 4 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ።

ኒውትሪኖ ኤሌክትሮን ብቻውን የሚሠራው ነገር አይደለም። ፕሮቶን ያስፈልጋል። ስለዚህ የፕሮቶን ወገን አሸነፈ ያሉ ብዙ ነበሩ። ነገሩን ያከበደው ራጁ ነው። ፕሮቶኖች ኒውትሪኖ ሲያመርቱ አብሮ የሚወጣው ጉልበት በመጨረሻ በራጅ በኩል መታየት አለበት። ስዊፍትና ኑስታር የተባሉት ሳተላይቶች ሲለኩ ራጁ ዝቅተኛ ነበር። በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ያለው ያ ሸለቆ ብዙ ቀላል ሞዴሎችን ጣለ። ብዙዎች የደረሱበት መካከለኛ መልስ ጋማው በአብዛኛው ከኤሌክትሮን፣ ኒውትሪኖው ከጥቂት ፕሮቶን የሚል ነው። ያለ ራጁ ልኬት ዛሬም በስህተት እናጨበጭብ ነበር።

የጥንቃቄው ወገንም የሚደመጥ ነገር አለው። ኒውትሪኖውና ፍሌሩ በአጋጣሚ የመግጠማቸው ዕድል ከሺህ አንድ ገደማ ተብሎ ተሰላ። ለተራ ሰው ይህ በቂ ነው። ፊዚክስ ግን ግኝት ለማለት ከሚሊዮኖች አንድ ይጠይቃል። የድሮ መዝገብ ሲፈተሽ ደግሞ ከዚያው አቅጣጫ በ2014 እና 2015 እ.ኤ.አ. ከሚጠበቀው በላይ ወደ 13 የሚሆን ትርፍ ኒውትሪኖ ተገኘ። ይህ ማስረጃውን ያጠናክራል። ግን ያኔ የጋማ ፍሌር አልነበረም! ይህ ደግሞ ፍሌርና ኒውትሪኖ አብረው ይመጣሉ የሚለውን ቀጥተኛ ታሪክ ያፈርሰዋል። በ2022 አይስኪዩብ ኤን ጂ ሲ 1068 ከተባለ ንቁ ጋላክሲ 79 ትርፍ ኒውትሪኖ አቀረበ። ይህኛው 47 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ላይ ያለ ሲሆን ብላዛር እንኳ አይደለም። ጄቱ ወደ እኛ አያይም፣ ጋማውም ደካማ ነው። የኒውትሪኖ ፋብሪካው ጄቱ ነው ወይስ ብላክ ሆሉ አጠገብ ያለው የጋለ ጋዝ? ሁለቱም መልስ ዛሬ ደጋፊ አለው።

ቀጠሮውን ያላከበረ ጋላክሲ

ኦጄ 287 የተባለውን ብላዛር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የድምቀቱ መዝገብ እስከ 1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ይሄዳል። የድሮ የፎቶግራፍ መስታወቶች ላይ ሳይታሰብ ተነስቶ ስለነበር ነው። በየ12 ዓመቱ ገደማ ይደምቃል። ከዚህ ተነስተው አንዳንዶች መሐሉ ላይ ሁለት ብላክ ሆሎች አሉ አሉ። ትንሹ ትልቁን እየዞረ በትልቁ ዙሪያ የሚሽከረከረውን የጋዝ ዲስክ ይበሳል፣ በበሳ ቁጥር ፍሌር ይነሳል። በሐምሌ 2019 እ.ኤ.አ. ትንበያቸው በ4 ሰዓት ልዩነት ውስጥ ሰመረ። ስፒትዘር የተባለው የኢንፍራሬድ ሳተላይት አየው። በሚታይ ብርሃን ሊያየው የሚችል አልነበረም፣ ጋላክሲው ከምድር ሲታይ በፀሐይ አቅጣጫ ነበረና።

ለጥቅምት 2022 የተተነበየው ፍሌር ግን አልመጣም። ከሬዲዮ እስከ ራጅ ሲከታተሉት የነበሩ ሌሎች ተመራማሪዎች ሞዴሉ ልክ አይደለም ብለው ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ የትልቁን ብላክ ሆል ክብደት 18 ቢሊዮን ፀሐይ ሲሉ፣ ሁለተኛዎቹ 100 ሚሊዮን ይላሉ። የ180 እጥፍ ልዩነት ነው። አንድ ትንበያ መሳካቱ ሞዴሉን ትክክል እንዳላደረገው ሁሉ አንድ ቀጠሮ መቅረቱም ሁለት ብላክ ሆሎች የሉም ማለት አይደለም። ሚዛኑ ግን በእኔ ንባብ ወደ ተጠራጣሪዎቹ አዘንብሏል።

እንጦጦ ከዚህ ውስጥ የት አለ?

ከፒያሳ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያያል። ተራራው ላይ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ ይታወቃል። ባለ 10 ሜትር መስታወት ባለበት ዓለም 1 ሜትር ምን ይሠራል? ዳቦ በሚወደድበት አገርስ ይህ ቅንጦት አይደለም?

የመጀመሪያውን ጥያቄ ብላዛሮች ራሳቸው ይመልሱታል። ለፍሌር የሚያስፈልገው ግዙፍ መስታወት ብቻ አይደለም። ሌሊት ከሌሊት ሳይሰለቹ ያንኑ ምንጭ መለካት ነው። ትልልቅ ቴሌስኮፖች ለአንድ ጋላክሲ ወራት አይሰጡም፣ ወረፋቸው ረጅም ነው። ቲ ኤክስ ኤስ 0506+056ን የመሰሉ ደማቅ ብላዛሮች ለባለ 1 ሜትር መስታወት ከባድ አይደሉም።

ቦታውም ይረዳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ትርቃለች። ማርካሪያን 421 ያለበት የሰሜኑ ሰማይም፣ ፒ ኬ ኤስ 2155-304 ያለበት የደቡቡም ከዚህ ይታያል። ከአውሮፓ ደቡቡ ይቀራል፣ ከደቡብ አፍሪካ ሰሜኑ ዝቅ ይላል። ወቅቱም ይገጥማል። ናሚቢያ ውስጥ ዝናቡ የሚበረታው ከጥር እስከ መጋቢት ገደማ ነው። የእኛ በጋ የሚጠራው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ ክፍተቱን በከፊል ይሞላል። በሰዓት ረገድ ግን ጥቅሙን ማጋነን አይገባም። ከደቡብ አፍሪካ ቴሌስኮፖች የምንለየው ከአንድ ሰዓት በላይ ትንሽ ቢሆን ነው።

ድክመቱም በግልጽ መነገር አለበት። ክረምት ሙሉ ሰማዩ ደመና ነው። የከተማው መብራት ደግሞ ከተራራው ሥር በየዓመቱ እየሰፋ ነው። ለደማቅ ብላዛር ይህ ያስቸግራል እንጂ አያግድም። ለደብዛዛ ጋላክሲ ግን ይከለክላል። በላሊበላ አካባቢ ባሉ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሰማዩ ጥራት የተጠናው በዚህ ምክንያት ነው። ከተማው መብራቱን ወደ ታች የሚያይ ቢያደርገው እንጦጦም ይተርፋል። ሽቅብ የሚፈስ መብራት ለማንም አይጠቅምም፣ የሚከፈልበት ግን ነው።

ስለ ቅንጦቱ ጥያቄ፣ ተቃዋሚዎቹ የሚሉት ገንዘብ ውስን ነው የሚለው እውነት ነው፣ ሊናቅ አይገባም። ግን የብላዛር ጥናት ውዱ ክፍል በሌሎች ተከፍሏል። የፌርሚ መረጃ ለማንም ክፍት ነው፣ በነጻ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለ ተማሪ ላፕቶፕና ኢንተርኔት ካለው ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የአንድ ብላዛር የጋማ ታሪክ ማውረድ ይችላል። የሚጎድለው ከዚያ ጋር የሚነጻጸር የራሳችን የሚታይ ብርሃን መዝገብ ነው። ለዚያ የሚያስፈልገው መብራት የማይቆራረጥበት፣ ሠራተኛው የማይቀያየርበት፣ ካሜራው ሲበላሽ መለዋወጫ የሚገኝበት ጣቢያ ነው። እውነተኛው ወጪ መስታወቱን መግዛት ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው፣ ክርክሩም እዚህ ላይ ቢሆን ይሻላል።

ከፊታችን ያለው

በቺሊ ቬራ ሩቢን የተባለው ታዛቢ ጣቢያ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ምስሎቹን አሳየ። ሥራው ሲሟላ በአንድ ሌሊት ሚሊዮኖች ማስጠንቀቂያዎችን ይልካል። የካናሪ ደሴቶችና የቺሊ አዲስ የጋማ ቴሌስኮፖችም እየተገነቡ ነው። ጥቆማው ሊበዛ ነው፣ ጥቆማውን ተከትሎ የሚያይ ዓይን ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። የቱ ፍሌር እውነተኛ፣ የቱ ተራ መዋዠቅ እንደሆነ የሚለየው ያኔም በተለያየ ብርሃን መታየቱ ነው።

ቲ ኤክስ ኤስ 0506+056 በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ እኩለ ሌሊት ላይ በአዲስ አበባ አናት ላይ ያልፋል ማለት ይቻላል። ከቀጥታው የሚጎድለው ከ4 ዲግሪ በታች ነው። ሰማዩ በዚያ ወቅት ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በባዶ ዓይን አይታይም። ኦሪዮን ግን ይታያል፣ ብላዛሩ ያለው ከትከሻው አጠገብ ነው።